የላዳዬ አሳባቂ

አማቴ ሳቬሊ ኩዝሚች ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በቮልስክ አውራ ጎዳና ላይ የፍጥነት ራዳር ደግነው የኖሩ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። እኔ ምራታቸው ታይሲያ ደግሞ ራዳርን ከሩቅ አሽትቶ የሚጠቁም መሣሪያ የመኪናዬ መስታወት ላይ ለጥፌ የምነዳ ሰው ነኝ። ሁለታችን አንድ ላዳ ውስጥ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ምን ዓይነት ሰላም ሊኖር እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ሥራዬ የሰው ጥርስ ነው። ቮልስክ ባለችው ትንሽ የሥራ ቤታችን አራት ሴቶች ሆነን ሰው ሠራሽ ጥርስ እንሠራለን፤ ያለቀውን በየሳጥኑ ደርድሬ ሦስት ከተሞች ላሉ ክሊኒኮች በየቀኑ የማደርሰው እኔ ነኝ። ደርሶ መልሱ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የሚጠብቀኝ ሰው ስላለ ቀስ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። እኛ አገር ዘጠና የተጻፈበት መንገድ ላይ ሁሉም የሚነዳው መቶ ዘጠኝ ነው፤ እስከ ሃያ ያለው ትርፍ አያስቀጣማ! የእኔ ችግር መቶ ዘጠኝ ላይ እግሬ አለመቆሙ ነው። ሙዚቃው ሞቅ ሲል መቶ አሥራ አምስት፣ ክሊኒኩ ሲደውል መቶ ሃያ። ስለዚህ በየሳምንቱ ካሜራ ያነሳው የላዳዬ ፎቶ ከነቅጣቱ በፖስታ ቤት ይመጣል። ሕዝቡ «የደስታ ደብዳቤ» ይለዋል።

ባለቤቴ ክሊም ፎቶዎቹን ማቀዝቀዣው በር ላይ በተርታ ለጠፋቸውና አንድ ቀን ቆሞ አያቸው አያቸው።

«አንቺ፣ በሠርጋችን አልበም እንኳ ይሄን ያህል ፎቶ የለንም እኮ» አለኝ።

ለልደቴ የራዳር ጠቋሚውን የገዛልኝ ያን ጊዜ ነው። አንድ ሳሙና ታክላለች። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ትሰካለች፣ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች፣ ራዳር ስታገኝ ጢጥ ጢጥ ትላለች፤ በቀረብን መጠን ጢጥታው እየፈጠነ ይሄድና በሴት ድምፅ «ራዳር ከፊት!» ብላ ትጮኻለች። ራዳሩን አታደነቁርም፣ ትሰማለች ብቻ፤ የሚያደነቁረው ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱ በሕግ ክልክል ነው። በአንድ ወር ውስጥ የማቀዝቀዣው በር ላይ አዲስ ፎቶ መጨመሩ ቀረ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ጠባዬ ትንሽ ተሻሻለ፤ በጮኸች ቁጥር እግሬን ማንሳት ለመድኩና መንደር ውስጥ ስገባ ሳትነግረኝም ማንሳት ጀመርኩ።

አማቴ ማርፋ በመኸር ካረፈች በኋላ ሳቬሊ ኩዝሚች ቤታቸውን ቆልፈው እኛ ጋ መጡ። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጠው በሰፈሩ መንገድ የሚያልፉትን መኪኖች ፍጥነት በዓይናቸው ይገምታሉ፤ «ስልሳ ሰባት… ሰባ ሁለት፣ የውሻ ልጅ!» ሲሉ እሰማቸዋለሁ። አንጀቴን በሉት። አንድ ጠዋት «አባባ፣ ብቻዬን ከምነዳ አብረውኝ ለምን አይሄዱም?» አልኳቸው። አላስጨረሱኝም። ያን አንጸባራቂ ጥብጣብ ያለበትን የድሮ የሥራ ካፖርታቸውን ደርበው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ከከተማ ከመውጣታችን በፊት መድኃኒት ቤቱ ጋ ስንደርስ መሣሪያዋ ጮኸች።

«ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አሉ።

ነገርኳቸው። ፊታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀላ።

«እኔ! ሠላሳ ዲግሪ ከዜሮ በታች ቁጥቋጦ ውስጥ ሽንቴን እየያዝኩ የቆምኩት እኔ፣ በገዛ ልጄ መኪና ውስጥ የምታሳብቅብኝ ሳጥን?»

«አባባ፣ በሕግ የተፈቀደ ነው።»

«ሐሜትም በሕግ አልተከለከለም! አሳባቂ ናት፤ አሳባቂ! ደግሞ የት አለ ራዳሩ? የለም! ውሸታምም ናት።»

ራዳርስ አልነበረም። የመድኃኒት ቤቱ በር ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚከፈት ነው፤ ሰው መቅረቡን የሚያውቅበት ነገር ከራዳር ጋር ዘመድ ስለሆነ እሷ መለየት አትችልም። አዳዲሶቹ የውጭ መኪኖችም እንደዚሁ ያታልሏታል። ከኋላ በኩል በጎናቸው የሚመጣውን የሚያዩበት የራሳቸው ትንሽ ራዳር አላቸውና አንዱ ባጠገባችን ሽው ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ይህን ሁሉ ባስረዳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ አሳባቂዋ ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩ ተቀየረ። ከቤሬዞቭካ መንደር በፊት ባለችው ዳገት ላይ ሳቬሊ ኩዝሚች ድንገት ጉልበቴን መታ አደረጉኝና «ቀንሺ» አሉ። አሳባቂዋ ጭጭ ብላለች።

«ለምን? ምንም የለም እኮ!»

«ቀንሺ አልኩሽ! ከወዲያ የሚመጡትን አታይም? ሁሉም እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚነዱት። ያ የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ቀበቶውን አሁን ነው ያሰረው፣ እጁ ገና ትከሻው ላይ ነው።»

ዘጠና ላይ አወረድኩት። ዳገቱን እንደጨረስን፣ ከአውቶቡስ መጠለያው ኋላ አንድ ፖሊስ ራዳሩን አጥፍቶ ቆሟል፤ መኪና ሲመጣለት ብቻ የሚያበራ ዓይነቱ ነው። ልክ እኛ ላይ ሲያበራት አሳባቂዋ «ራዳር ከፊት!» ብላ እሪ አለች።

«ከፊት?» አሉ ሳቬሊ ኩዝሚች፣ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። «ከፊት ነው ወይስ አፍንጫሽ ላይ? አይ አንቺ! ይሄን መጠለያ እኮ ለዚህ ሥራ ያገኘሁት እኔ ነኝ!»

ከዚያ በኋላማ ውድድር ሆነ። ደንቡን እሳቸው ናቸው ያወጡት። አሳባቂዋ ቀድማ ከጮኸች ነጥቡ የእኔ፣ እሳቸው ቀድመው ካወቁ የእሳቸው፤ እሷ በከንቱ ከጮኸች ደግሞ ነጥቡ የእሳቸው ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የተሸነፈ የግቢውን በረዶ ይጠርጋል። እኔ ደስ ብሎኝ መሪውን እየደበደብኩ እነዳለሁ፣ እሳቸው መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ሊያስነኩ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። አንድ ጊዜ አሳባቂዋ ከቆሻሻ መጣያ ገንዳ አጠገብ የተደበቀ ካሜራ ከአንድ ኪሎ ሜትር ላይ ስትይዝ «ዋ! ይሄን እኔም አላየሁትም» ብለው መሣሪያዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጓት፣ ልክ የጎበዝ ተማሪ ራስ እንደሚነካ። ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። ያን ሰሞን ምሳቸውን ጠግበው መብላት፣ ሲላጩም ማፏጨት ጀምረው ነበር። ክሊም «አባቴን ምን አጠጣሽው?» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ።

የካቲት ውስጥ ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ብርዱ አሥራ ስምንት ዲግሪ ከዜሮ በታች። ነፋሱ ግን በረዶውን እንደ ዱቄት ከመሬት እያነሳ ከግራ ወደ ቀኝ በአስፋልቱ ላይ ይነዳዋል፤ መንገዱ የሚፈስ ወንዝ ይመስላል፣ የመኪና ዱካ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ኋላ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ሳጥን ጥርስ አለኝ። ነጥባችን ዘጠኝ ለዘጠኝ ነው።

ከቤሬዞቭካ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር አልፎ መንገዱ በትልቅ ሸለቆ ጠርዝ ይጠመዘዛል። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ስልክም አይሠራም። እዚያ ላይ አሳባቂዋ ጢጥ ጢጥ ጢጥ አለች፤ ከዚያ ዝም።

«አየሻት፣ አየሻት!» ብለው ሳቬሊ ኩዝሚች ለራሳቸው አጨበጨቡ። «ባዶ ሜዳ! ከንቱ ጩኸት! አሥር ለዘጠኝ!»

«ቆይ አባባ፣ ካሜራ ይኖራል።»

«የት? በረዶው ላይ ተንሳፎ? እዚህ ቦታ ከተፈጠረ ጀምሮ ካሜራ ቆሞ አያውቅም። መኪና እንኳ አላለፈንም።»

«ተደብቆ ነው።»

«ልጄ፣ አካፋው ግቢ ውስጥ ነው፣ እንዳይጠፋብሽ።»

ክሊኒኩ እየጠበቀኝ ነው። ጊዜ የለኝም። ግን ያቺ የአካፋ ነገር ደሜን አፈላችው። ለነጥቡ ስል፣ እግዚአብሔር ይይልኝ ለነጥቡ ብቻ ስል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ መሪውን አዞርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ካሜራውን ላሳይዎት ነው!»

«እብድ! የሚጠብቅሽ ሰው በድዱ ይቀራል ባንቺ ምክንያት!» ይላሉ፤ ግን እሳቸውም ቀበቷቸውን አጥብቀው ወደ ፊት ተጠጉ። ዓይናቸው ያበራል።

ተመልሰን ስንደርስ፣ እዚያው ቦታ፣ እንደገና ጢጥ ጢጥ ጢጥ። አለፍነው፣ ዝም አለች። አዞርኩ። እንደገና ጮኸች። ሁለታችንም ቀኝ ግራ አየን። የመንገዱን ጠርዝ ከሚያመለክቱት አጫጭር ምሶሶዎችና ከሚነፍሰው በረዶ በቀር አንድ ነገር የለም።

ሳቬሊ ኩዝሚች መሳቃቸውን አቆሙ።

«ቁሚ» አሉኝ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ የሥራ ድምፅ ነው። «በከንቱ ከሆነ አንዴ ትጮኻለች። ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከጮኸች የሚያናግራት ነገር አለ። አሁን መኪናውን መንገዱ ላይ አግድም አዙሪው። አፍንጫው ወደ ሸለቆው ይሁን።»

«መንገድ ላይ አግድም? አባባ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሆነው?»

«አዙሪ!»

የአደጋ መብራቱን አብርቼ አዞርኩት። የላዳው አፍንጫ ወደ ሸለቆው በዞረ ጊዜ አሳባቂዋ ጢጥታዋን አፈጠነችው፣ አፈጠነችው፣ ከዚያም ያቺ ሴት «ራዳር ከፊት!» ብላ ጮኸች። ከፊታችን ያለው ገደል ብቻ ነው። ፀጉሬ ቆመ።

እሳቸው ወረዱ። እኔም ኮፍያዬን እያጠለቅኩ ተከተልኳቸው። ከምሶሶዎቹ አንዷ የለችም። ከሥሯ ተገንጥላለች፤ ስብራቱ ንጹሕ ነው፣ በረዶ እንኳ አልያዘውም።

«ዛሬ ነው የተሰበረችው» አሉ ሳቬሊ ኩዝሚች። «ታይሲያ… እዚያ ታች አንድ ሰው አለ።»

ጠርዙ ላይ በሆዴ ተኝቼ አየሁ። መጀመሪያ ምንም፣ ሁሉ ነጭ። ቆይቶ ግን ከሥራችን አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከእሾህ ቁጥቋጦ ጋር፣ አንድ ቀይ ነገር ታየኝ። የኋላ መብራት ነው። መኪናውም ነጭ፣ በረዶውም ነጭ፤ አፍንጫውን ቁልቁል ደፍቶ፣ ኋላውን ወደ እኛ ሰቅሎ ቁጥቋጦው ይዞታል። ከዚያ በታች ሸለቆው ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«አባባ፣ እርስዎ እዚህ ይሁኑ፣ ጉልበትዎ…»

ዞር ስል ሳቬሊ ኩዝሚች የሉም። በቂጣቸው ተቀምጠው፣ ካፖርታቸውን ሰብስበው፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ እየተንሸራተቱ ወርደዋል! እኔም ተከትዬ ተንከባለልኩ። የመስታወቱን በረዶ በክንዳቸው ጠረጉት። ውስጥ ሴት አለች፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀበቶዋ ላይ ተንጠልጥላ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ። ዓይኗ ግን ክፍት ነው። መስታወቱን ሲያንኳኩ ዓይኗ ከፊታቸው ወደ ካፖርታቸው ጥብጣብ ወረደ። የኋላውን በር በስንት ትግል ስንከፍተው መጀመሪያ የተናገረችው ይህን ነው፦

«ጌታዬ… ሰማንያ ብቻ ነበር የምነዳው… እውነቴን ነው።»

ሳቬሊ ኩዝሚች ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አውቃለሁ የኔ እመቤት፣ አውቃለሁ። ዛሬ ቅጣት የለም። ማን ይባላሉ?»

«ኒኔል… ኒኔል አርካዲየቭና። አኮርዲዮን አስተማሪ ነኝ።»

የኋላ ማርሽ አስገብታ ለመውጣት ታግላ ሞተሩ ጠፍቶባታል፤ ቁልፉ ግን እንደተከፈተ ነው። እግሯ ከፔዳሉ ሥር ተይዟል፣ ልናወጣት ስንሞክር መኪናው ከሥሩ ቋ አለና አንድ ስንዝር ወረደ። መጎተታችንን ተውን። ስልኳ ወንበሩ ሥር ገብቷል፤ ቢገኝም አይሠራም። ከሁለት ሰዓት በላይ እንደዚያ ተንጠልጥላለች። ላይ በመንገዱ መኪኖች ሲያልፉ ድምፃቸውን ትሰማለች፣ ትጮኻለች፣ ማንም አያያትም።

ሳቬሊ ኩዝሚች ካፖርታቸውን አውልቀው በእሷ ላይ ጣሉ፤ እሳቸው በሹራብ ቀሩ። የኋላ ወንበሩ በር ላይ ተንበርክከው እጇን እያሹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስልክ የሚሠራው የእህል ጎተራው ጋ ነው፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። አንድ አንድ ሁለት፣ ነፍስ አድን ጋ ትደውያለሽ። ታይሲያ!»

«አቤት!»

«ንጂ! ፍጥነት እንዳታይ፣ ግፊው!»

ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሲቀጡ የኖሩት ሳቬሊ ኩዝሚች ናቸው ይህን ያሉት። በጥፍሬ እየቧጠጥኩ ወጣሁ። ከኋላዬ ሲያወሯት እሰማለሁ፤ እንዳትተኛባቸው የመንጃ ፈቃድ ፈተና ይጠይቋታል።

«እሺ ኒኔል አርካዲየቭና፣ መብራት የሌለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ቢገናኝ ቅድሚያ የማን ነው?»

«በ… በስተቀኝ ያለው…»

«ጎበዝ! ቀጥሎ፣ የባቡር ሐዲድ ስናቋርጥ…»

እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ላዳዬ ዕድሜ ልኳን የቆጠበችውን ጉልበት ሁሉ አወጣችው። ዘጠና፣ መቶ፣ መቶ አሥር። በረዶው መንገዱ ላይ እየፈሰሰ የት አስፋልት እንደሆነ፣ የት ጠርዝ እንደሆነ በምሶሶዎቹ ብቻ ነው የማውቀው። ኋላዋ ሁለት ጊዜ ሸርተት አለች፤ መሪውን ቀስ አድርጌ መለስኳት። የጥርስ ሳጥኖቹ ኋላ ላይ ይንኳኳሉ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰው በብርድ ጥርሱን እንደሚያፋጭ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላለሁ፤ ለላዳዋ ይሁን ለኒኔል አላውቅም።

አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጢጥ አለች።

በደመ ነፍስ እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሣ፤ ስንት ወር የለመደ እግር ነው። ከዚያ በራሴ ላይ ጮኽኩ። «ምን ነካኝ! ራዳር ካለ ፖሊስ አለ! ፖሊስ ካለ ሬዲዮ አለ!» ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ! በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሙዚቃ የለም። ሌላ ቀን ሰው ከጩኸቷ ይሸሻል፣ እኔ ወደ ጩኸቷ እበርራለሁ። «ጩኺ! ጩኺልኝ የኔ እናት! የት ናቸው?» እያልኩ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ መብራቴን እያብለጨለጭኩ፣ የመኪናዬን ጥሩምባ ሳላቋርጥ እየነፋሁ። «ራዳር ከፊት! ራዳር ከፊት!»

ጉብታውን ስወጣ አየኋቸው። የፖሊስ መኪና በመንገዱ ዳር፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ከጎኑ። ላዳ በመቶ ሃያ እየጮኸች ወደ እሱ ስትመጣ ባየ ጊዜ ዱላውን ማንሣት ረሳና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ። አልፌው ሃምሳ ሜትር ተንሸራትቼ ቆምኩ። በሩን ሳልዘጋ ወርጄ ወደ እሱ መሮጥ።

«ሴትዮ! አብደዋል እንዴ? ምን ያህል እንደሚነዱ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ! ሬዲዮ! ሬዲዮህን አምጣ! ሰው ሸለቆ ውስጥ ተንጠልጥላለች፣ ጠመዝማዛው ጋ! አምቡላንስ! ብረት የሚቆርጥ ሰው! አማቴ ከሷ ጋር ነው፣ ሳቬሊ ኩዝሚች…»

«የትኛው ሳቬሊ ኩዝሚች? የእኛው?»

«የእናንተው!»

ልጁ ሌላ ቃል አልጠየቀኝም። መኪናው ውስጥ የነበረው ባልደረባው በሬዲዮ እየተናገረ እሱ መሪውን ይዞ ሄደ፤ ሳይረናቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እነሱም ቢሆኑ ዘጠና አልነዱም።

ስንደርስ ከሸለቆው ሥር የምሰማው የሳቬሊ ኩዝሚችን ድምፅ ነው፤ ደክሟል፣ ከብርዱ የተነሣ ቃላቱ ይሰባበራሉ፣ ግን አላቆሙም።

«…እግረኛ… መሻገሪያ ላይ… ኒኔል! ኒኔል አርካዲየቭና፣ ይመልሱ እንጂ!»

መልስ የለም። እኔ ጠርዙ ላይ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። መቶ አለቃው ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲወርድ ብቻ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወደ ላይ መጣች።

«መቆም… ማሳለፍ… ደግሞ እኮ ይሄን ቅድም ጠይቀውኛል።»

ሳቅሁ። እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ መንገድ ላይ ብቻዬን፣ በነፋሱ መሐል።

የነፍስ አድን ሠራተኞቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። መኪናውን በሁለት ወፍራም ገመድ አሥረው ከላይ ከያዙ በኋላ ፔዳሉን ቆርጠው እግሯን አወጡ። በቃሬዛ ሲያወጧት የሳቬሊ ኩዝሚችን እጅ አለቅም ብላ ሁለቱን አብረው ነው የጎተቷቸው። አምቡላንሱ በር ላይ የሕክምና ባለሙያዋ አንዴ እሷን አየች፣ አንዴ በሹራብ የቆሙትን ሽማግሌ አየች፤ ጢማቸው ላይ በረዶ ተንጠልጥሏል።

«እርስዎስ አባቴ? እርስዎም ይግቡ፣ የደም ግፊትዎ ይለካ።»

«እኔ ደህና ነኝ። እሷን ውሰጂያት፣ ቀስ ብለሽ አትንጂ።»

ከነፍስ አድን ሠራተኞቹ አንዱ፣ ጺማሙ፣ የኒኔልን መኪና ቁልፍ ካጠፋ በኋላ ወደ እኔ መጣና የላዳዬ መስታወት ላይ አሳባቂዋን አየ። ከኋላ ጎን ያሉት የኒኔል መኪና ትንንሽ ራዳሮች ቁልፉ ስላልጠፋ እስካሁን ሲሠሩ ነበር፤ ኋላው ወደ መንገዱ ስለተሰቀለ ጨረራቸው አሳባቂዋ ጋ ደረሰ። «ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብታልፉ ኖሮ ምንም አትሰሙም ነበር» አለኝ። የላዳው መከላከያ ላይ ተቀመጥኩ።

ሳቬሊ ኩዝሚችን መኪና ውስጥ አስገብቼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ፒሮዥኪ፣ ጎመን የተሞላ ትንንሽ ዳቦ፣ ይዤ ነበር፤ ቀዝቅዟል፣ ግን አንዱን ለሁለት ከፍለን በላን። ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፣ ምግቡ ጢማቸው ላይ ይረግፋል።

«ማርፋን የዚያን ቀን ሆስፒታል ያደረስኳት ዘግይቼ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ መንገዱን እያዩ። «ዘጠናን ላለማለፍ ብዬ። ሕግ ነው ብዬ። ሐኪሙ ለውጥ አያመጣም ነበር አለኝ፤ አላመንኩትም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ይህን ሁሉ ወር አብረን ስንስቅ ይህን ተሸክመው መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ክሊምም አያውቅም።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ጥርሶቹን ሁለት ሰዓት ዘግይቼ አደረስኩ፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሊቆጡኝ ተዘጋጅተው ነበር፣ ሳቬሊ ኩዝሚች ታሪኩን ሲጀምሩ ግን ሐኪሟም፣ ነርሷም፣ አፋቸውን የከፈቱት ሕመምተኞችም እንደዚያው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሦስቱም ክሊኒክ ውስጥ አወሩት። በሦስተኛው ሲደርሱ ሸለቆው ሁለት እጥፍ ጠልቆ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገብተን ሻይ እየጠጣን ሳለ ያ መቶ አለቃ ደወለልኝ። ክሊምም ከሥራ ገብቷል። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው ከፈትኩት።

«ከቀዶ ሕክምና ወጥታለች» አለ። «እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ሁለት የእግር ጣት በብርድ ሄዷል። ነፍሷ ግን ተርፋለች፣ ዶክተሩ አረጋግጦልኛል። ስትነቃ የጠየቀችው ያ ፈታኝ ሽማግሌ የት ሄደ ብላ ነው።»

ሳቬሊ ኩዝሚች ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ተነሡ። ክሊም «አባዬ፣ ተቀመጥ፣ ጫማህን እንኳ…» ሲል አልሰሙትም። በእግር ሹራባቸው ወደ ደረጃው ወጡና አራተኛ ፎቅ ካለው የእኛ በር ጀምረው እስከ ምድር ቤቱ ድረስ የጎረቤቱን በር ሁሉ በመዳፋቸው እየደበደቡ ወረዱ።

«ተርፋለች!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ደረጃውን ሁሉ ሞላው። «ሰዎች፣ ውጡ! ኒኔል አርካዲየቭና ተርፋለች!»

በሮች ተከፈቱ። ኒኔል ማን እንደሆነች አንድም ሰው አያውቅም፤ ግን ሁሉም በሽርጡና በነጠላ ጫማው ወጥቶ ያቅፋቸው ጀመር።